ምርት የማይሸጥ፣ ለምክሩ ብቻ የሚከፈለው የገንዘብ አማካሪ እንዴት ይገኛል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው፤ እኔ ሆስፒታል ነርስ ነኝ፣ እሱ ኡበር ይነዳል። ሁለት ልጆች አሉን። ቤታችንን የገዛነው በ2021 ነው፣ ወለዱ 2.9 ፐርሰንት። በመሥሪያ ቤቴ በኩል 403ቢ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ ውስጥ ወደ 180 ሺህ ዶላር አለኝ፤ ባንክ ደግሞ 45 ሺህ ያለ ሥራ ተቀምጧል። አዲስ አበባም በስሜ ሒሳብ አለ፣ እናቴን የምጦረው ከዚያ ነው።

ሰሞኑን በቤተ ክርስቲያን የምናውቀው ሰው «ነፃ የፋይናንስ ምክር ልስጣችሁ» ብሎ ቤት መጣ። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ላፕቶፑ ተከፈተ፤ ምክሩም በወር 900 ዶላር እየከፈልን አይ ዩ ኤል የሚባል፣ ከአክሲዮን ገበያ ጋር የተሳሰረ የሕይወት ኢንሹራንስ እንድንገባ ሆነ። «ገበያው ሲወጣ አብራችሁ ትወጣላችሁ፣ ሲወርድ አትወርዱም፤ ጡረታ ስትወጡ ያለ ታክስ ትበሉታላችሁ» ነው የሚለው። ባለቤቴንም «አንተም ፈቃድ አውጣና አብረን እንሥራ» ብሎታል። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ሚስቱም ወዳጄ ናት፤ ስለዚህ ይሉኝታ ይዞናል።

ጥያቄዬ ግን ስለ አይ ዩ ኤል ብቻ አይደለም። ገንዘብ ከፍዬ፣ ሁሉንም ነገራችንን ዘርግቶ የሚያይልኝና የሚሸጥልኝ ዕቃ የሌለው ሰው እፈልጋለሁ። ስንት ይከፈላል? ታማኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሐበሻ ቢሆን ይሻላል?

ቁጥር ወዳድ፦

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰውየው «ሆስፒታሉ 403ቢሽ ላይ ስንት ማች ያደርግልሻል? ሙሉውን ትወስጃለሽ ወይ?» አለሽ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

አላለም። ማቹ እስከ 4 ፐርሰንት ነው፤ እኔ የማስገባው 3 ነው።

ቁጥር ወዳድ፦

በቃ፣ እዚያው ላይ ምክር አለመሆኑ ታወቀ። አሠሪሽ በነፃ የሚጨምርልሽን ገንዘብ ሳይጠይቅ በወር 900 ዶላር ወደ ሌላ ቦታ የሚያስልክ ሰው የመጣው ለመሸጥ ነው። ክፉ ሰው ነው አላልኩም፤ የሚበላው ከዚያ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አሜሪካ ውስጥ «ፋይናንሻል ፕሮፌሽናል» ብሎ ካርድ ማሳተም ምንም አይጠይቅም። ስለዚህ ካርዱን ተዪውና ሰውየው በምን ሕግ ሥር እንደሚሠራ እዪ። የኢንሹራንስ ፈቃድ ብቻ ያለው አለ፣ የኢንቨስትመንት ምርት እየሸጠ ኮሚሽን የሚያገኝ ብሮከር አለ፣ በ1940ው የኢንቨስትመንት አማካሪዎች ሕግ የተመዘገበ አማካሪም አለ። የደንበኛውን ጥቅም ከራሱ ጥቅም እንዲያስቀድም ሕግ የሚያስገድደው የመጨረሻውን ነው፤ ፊዱሺያሪ የሚባለው እሱ ነው። ብሮከሮችም ከሰኔ 2020 ወዲህ ጠንከር ያለ ደንብ ወጥቶባቸዋል፣ ግን ከኮሚሽን አልወጡም።

አንቺ የምትፈልጊው «ፊ ኦንሊ» የሆነ፣ ማለትም ከደንበኛው በቀር ከማንም ሳንቲም የማይቀበል አማካሪ ነው። «ፊ ቤዝድ» የሚልሽ ከመጣ ተጠንቀቂ፣ እሱ ከአንቺም ከኩባንያም ይቀበላል። ናፕፋ የሚባለው የፊ ኦንሊ አማካሪዎች ማኅበር ድረ ገጹ ላይ በዚፕ ኮድ መፈለጊያ አለው። ጋሬት የሚባለው መረብ ውስጥ በሰዓት የሚያስከፍሉ አሉ፤ ኤክስ ዋይ የሚባለው ደግሞ በወር ክፍያ የሚሠሩትን ያሰባስባል። በሰዓት ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 400 ዶላር ነው። ሙሉ ዕቅድ በቁርጥ ዋጋ ከሆነ ሁለት ሺህም ሦስት ሺህም ሊጠይቁሽ ይችላሉ። አትደንግጪ።

ጋሼ ነኝ፦

ሦስት ሺህ ዶላር ለምክር?! ልጄ፣ እኛ በእቁብ ቤት ገዝተናል፣ በእቁብ ልጅ ድረናል። አማካሪ ምን ያደርጋል፤ ያንኑ ሦስት ሺህ እቁብ ጣይው።

ቁጥር ወዳድ፦

ጋሼ፣ እቁብን አልነካም፣ እኔም አለሁበት። ግን እቁብ ወለድ የለውም፤ ያስገቡትን ነው የሚሰጥዎ። ለቅድመ ክፍያ ግሩም ነው፣ ከ67 ዓመት ዕድሜ በኋላ ለሚበላ ግን አይሆንም።

ፈቃድ ያለኝ፦

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ የላይፍ ኢንሹራንስ ፈቃድ አለኝ፣ ስለዚህ የሌላውንም ወገን ስሙ። እዚህ ሁሉም ሰው ኤጀንት ሌባ ነው ብሎ ይጀምራል። ስንት ሐበሻ ነው ያለ ኢንሹራንስ ሞቶ ሬሳው በጎፈንድሚ ወደ አገር ቤት የተላከው? የላይፍ ኢንሹራንስ ክፍያ ለወራሽ ያለ ገቢ ግብር ነው የሚደርሰው። በራሱ ፈቃድ በየወሩ የማይቆጥብ ሰው ደግሞ የኢንሹራንሱ ወርሃዊ ክፍያ ያስቆጥበዋል። ቤት ድረስ ሄደን፣ በአማርኛ አስረድተን፣ ወረቀት ሞልተን ነው የምንሠራው። ፊ ኦንሊ የምትሉት አማካሪ ለኡበር ነጂ ስልክ ያነሳል?

ቁጥር ወዳድ፦

የጎፈንድሚውን ነገር እውነት ነው ያልከው፣ እቀበላለሁ። ለእሱ ግን ተርም ላይፍ፣ ማለትም ለተወሰነ ዓመት ብቻ የሚገዛ የሕይወት ኢንሹራንስ፣ ይበቃል፤ ዋጋውም የአይ ዩ ኤሉ ሽራፊ ነው። እስኪ አንተም በግልጽ ንገረን፦ እሷ በወር 900፣ በዓመት 10,800 ዶላር ብትከፍል ከመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ስንቱ ነው ለኤጀንቱና ከበላዩ ላሉት የሚደርሰው?

ፈቃድ ያለኝ፦

እንደ ፖሊሲው አሠራር ይለያያል።

ቁጥር ወዳድ፦

ይለያያል፣ ልክ ነህ። ግን ከግማሽ ማለፉ የተለመደ ነው።

ላቭንደር፦

አይ ዩ ኤሉ ላይ እኔ ልጨምር፣ ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ በቢሮ ሥራ ቆይቻለሁ። «ሲወርድ አትወርዱም» የሚሉት ዜሮ ወለል፣ የኢንሹራንሱ ወጪ ከመቀነሱ በፊት ያለው ዜሮ ነው። ገበያው በወረደበት ዓመት ሒሳብሽ ላይ ዜሮ ይጻፍልሻል፣ ወጪው ግን ይቆረጣል፤ ያም ወጪ ዕድሜሽ በገፋ ቁጥር ይከብዳል። ወደ ላይ ደግሞ ጣሪያ አለው። ጣሪያው 9 ፐርሰንት ከሆነ ገበያው 20 ቢወጣም የሚታሰብልሽ 9 ነው። ዲቪደንድ፣ ማለትም ኩባንያዎች ለባለ አክሲዮን የሚያካፍሉት ትርፍ፣ ብዙውን ጊዜ አይቆጠርም። ጣሪያውን ኩባንያው ራሱ ዝቅ ማድረግ ይችላል፣ ውሉ ላይ የተጻፈው ዋስትና ያለው ዝቅተኛ ጣሪያ ዝርዝር አለና እሱን ፈልጊ።

ላፕቶፑ ላይ ያሳየሽ ሠንጠረዥ ውስጥ ሁለት ዓይነት አምድ አለ፦ «ጋራንቲድ» የሚልና «ኖን ጋራንቲድ» የሚል። እኔ ያየኋቸው ሻጮች ሁሉ ጣታቸውን የሚያሳርፉት ሁለተኛው ላይ ነው። አንደኛውን አንብቢልኝ። ስረዢልኝ ብትዪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ድረስ የማቋረጫ ቅጣት ይኖረዋል። ቀድሞ የፈረመ ካለ፣ ፖሊሲው ከደረሰው በኋላ እንደ ስቴቱ ከ10 እስከ 30 ቀን ድረስ መልሶ ገንዘቡን ሙሉ የሚያገኝበት ጊዜ አለ።

ለሁሉም መጥፎ ነው አልልም። የጡረታ ሒሳቡን ሁሉ እስከ አፉ የሞላና ገቢው እጅግ ከፍ ያለ ሰው ሊያስብበት ይችላል። ማቹን ገና ላልሞላች ነርስ ግን... ተዉት።

የታክስ ወረቀት፦

የአዲስ አበባው ሒሳብ ጉዳይ ማንም አላነሳውም። በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን፣ ከአሜሪካ ውጭ ያሉሽ ሒሳቦች ድምር ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈ ኤፍ ባር የሚባለውን ቅጽ ፊንሴን ለሚባለው የአሜሪካ ግምጃ ቤት መሥሪያ ቤት ማስገባት ግዴታ ነው። ቅጹ ራሱ ግብር የለበትም፣ ማሳወቅ ብቻ ነው፤ ቅጣቱ ግን ቀልድ አይደለም። ብሩ ከሐምሌ 2024 ወዲህ በገበያ ሲተመን ወድቋልና የብዙ ሰው ድምር በዶላር ቀንሷል፣ ቢሆንም አስዪው። አማካሪ ስታነጋግሪ ይህንን ጉዳይ ሳትነግሪው ራሱ ይጠይቅሽ እንደሆነ እዪ። «ከአገር ውጭ ምን አላችሁ?» ያላለ ሰው ስደተኛ ደንበኛ አያውቅም ማለት ነው። ለቅጹ ራሱ ኢንሮልድ ኤጀንት የሚባል የታክስ ባለሙያ ወይም ሲ ፒ ኤ የሚባል ሒሳብ አዋቂ ይበቃሻል።

የሲያትሉ፦

እኔ ከሚያስተዳድርልኝ ገንዘብ በየዓመቱ 1 ፐርሰንት የሚወስድ አማካሪ ነው ያለኝ፣ አልተቆጨሁም። መጋቢት 2020 ገበያው በአንድ ወር ገደማ ከ30 ፐርሰንት በላይ ሲወድቅ ሁሉንም ሽጬ ልወጣ ነበር። ደውሎ አስቆመኝ። ያ አንድ ስልክ የስንት ዓመት ክፍያውን መልሷል። ዕቅዱን ወረቀት ላይ ይዞ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አለ፤ ለእንደኔ ዓይነቱ የሰዓት አማካሪ አይሆንም።

ቁጥር ወዳድ፦

ለአንተ ከሠራ እሰየው። ለእሷ ግን እናስላው። 180 ሺህ ላይ 1 ፐርሰንት በመጀመሪያው ዓመት 1,800 ዶላር ነው፣ ትንሽ ይመስላል። ሌላ ሳትጨምርበት 20 ዓመት በ6 ፐርሰንት ቢያድግ ወደ 577 ሺህ ይደርሳል። የእሱ 1 ፐርሰንት ተቀንሶ በ5 ካደገ ወደ 478 ሺህ ነው። መቶ ሺህ ዶላር ገደማ ሄደ። ያውም 403ቢው አሠሪዋ ጋ ስለሆነ ሥራዋን ሳትለቅ ወደ ሌላ አማካሪ እጅ ማዞሩ ራሱ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፤ መቶኛ የሚወስደው ሰው «አልፈልግሽም» ሊላት ይችላል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰውየውን ስሙን ብሮከርቼክ በሚባለው የብሮከሮች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ፈለግኩት፣ ጭራሽ የለም። ይህ ማለት አጭበርባሪ ነው?

ላቭንደር፦

አይደለም። አይ ዩ ኤል በሕጉ እንደ አክሲዮን ስለማይቆጠር፣ ለመሸጥ የላይፍ ኢንሹራንስ ፈቃድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ብሮከርቼክ የብሮከሮች ተቆጣጣሪ የሆነው የፊንራ ስለሆነ የኢንሹራንስ ብቻ ሰዎችን አያሳይም። እነሱን የምታገኚው በስቴትሽ ነው፤ ለአንቺ የሜሪላንድ ኢንሹራንስ አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ። ግን አለመኖሩ አንድ ነገር ነግሮሻል፦ ስለ 403ቢሽ፣ ስለ አክሲዮን ምርጫሽ በክፍያ ሊያማክርሽ ፈቃድ የለውም።

ቁጥር ወዳድ፦

አማካሪ ስታገኚ ደግሞ የኤስ ኢ ሲ፣ የኢንቨስትመንት ገበያው የመንግሥት ተቆጣጣሪ፣ አማካሪ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ስሙን አስገቢና አማካሪው ስለ ራሱ የሚያስመዘግበውን ፎርም ኤዲቪ የሚባለውን ሰነድ ክፍል 2 አውርጂ። ይሰለቻል፣ ግን ሁሉን ማንበብ አያስፈልግሽም። ተራ ቁጥር 5 ላይ ክፍያው ነው፤ እዚያ ውስጥ «ኮሚሽን» የሚል ካየሽ ዝጊው። 9 ቅጣትና ክስ ነው። 10 ሌላ የሚሠራበት ኩባንያ አለው ወይ የሚለው፤ «የኢንሹራንስ ኤጀንሲም አለኝ» ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚህ ነው። 14ን ደግሞ እኛ ሐበሾች በተለይ እናንብበው፦ ደንበኛ ላመጣለት ሰው ገንዘብ ይከፍል እንደሆነ የሚጻፍበት ነው። በማኅበርና በቤተ ክርስቲያን «እሱ ጋ ሂዱ» የሚል ሰው ለምን እንደሚል ይታወቃል።

የሚያስተዳድሩት ገንዘብ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆኑ ትናንሽ አማካሪዎች የሚመዘገቡት በስቴት ነው እንጂ በኤስ ኢ ሲ አይደለም። ፎርም ሲ አር ኤስ የሚባለውን፣ ለደንበኛ የሚሰጥ አጭር ማጠቃለያ ወረቀትም የማቅረብ ግዴታ የለባቸውም። ስለዚህ ሲ አር ኤስ አጣሁ ብለሽ አትሽሺ፤ በሰዓት የሚሠሩት አብዛኞቹ እንደዚህ ያሉ ናቸው። ኤዲቪው ግን የግድ ነው።

ሲ ኤፍ ፒ የሚለውን የፋይናንስ ዕቅድ ባለሙያ ማዕረግ ፈልጊ፤ ፈተና አለው፣ 6,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ብቻውን ግን አይበቃም፣ ሲ ኤፍ ፒ ኖሮት በኮሚሽን የሚሸጥም ሞልቷል።

መንገደኛ፦

ሐበሻ ይሻላል ወይ ላለችው። እኔ ቋንቋውን እወዳለሁ፣ ግን ታማኝነትን በትውውቅ አልለካም። በርናርድ ማዶፍ በታኅሣሥ 2008 ሲያዝ ከከሰሩት ብዙዎቹ የራሱ ወገን የሆኑ አይሁድ ቤተሰቦችና በጎ አድራጎት ድርጅቶች ነበሩ። በክበብ፣ በምኩራብ፣ በወዳጅ በኩል ነው የደረሱት፤ «እገሌ ገብቶበታል» ሲባል ማንም ወረቀት አልጠየቀም። ዘዴው ደግሞ ገንዘቡ በራሱ እጅ መሆኑ ነበር፤ በየወሩ የሚላከውን መግለጫም የሚያትመው የራሱ ድርጅት ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ የት ነው የሚቀመጠው ብለሽ ጠይቂ። እንደ ፊደሊቲ ወይም ሽዋብ ባለ ገንዘብ አስቀማጭ ኩባንያ ውስጥ፣ በአንቺ ስም፣ መግለጫው በቀጥታ ከእነሱ ወደ አንቺ የሚመጣ መሆን አለበት። ለአማካሪው በግል ስሙም ሆነ በራሱ ድርጅት ስም የኢንቨስትመንት ቼክ አይጻፍም። የምክሩን ዋጋ ብቻ ነው ለእሱ የምትከፍዪው።

ፍራንክፈርት፦

ከጀርመን ሆኜ ሳነብ ቀናሁ፣ እኛ ዘንድ ኮሚሽኑ የበለጠ ነግሷል። ለዚህ አገር ሰዎች አንድ ነገር ልበል፦ ፌርብራውኸርጼንትራለ የሚባለው የሸማቾች ማእከል በቀጠሮ፣ መጠነኛ ክፍያ ተቀብሎ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ጡረታ ቁጠባ ይመክራል፤ የሚሸጠው ነገር የለም። የግል አማካሪ ከፈለጋችሁ ደግሞ ፈቃዱ በአንቀጽ 34ኤች የሆነውን ጠይቁ፣ እሱ ከደንበኛ ብቻ ነው የሚከፈለው። 34ኤፍ ከሆነ ኮሚሽን መቀበል ይችላል።

የሸገር ልጅ፦

እኛስ? አዲስ አበባ ሆነን በቴሌግራም «የፎሬክስ ሲግናል በወር ይህን ያህል» የሚሉትን ከማየት ውጭ ማንን ነው የምንጠይቀው?

መንገደኛ፦

የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 1248 ተቋቁሟል፣ የኢንቨስትመንት አማካሪነት ፈቃድም የሚሰጠው እሱ ነው። ፈቃድ ያላቸውን ድረ ገጹ ላይ ታገኛለህ። ብዙዎቹ ገና ኩባንያ ነው የሚያማክሩት፣ ለአንድ ደመወዝተኛ የቤት ወጪ የሚቀመጥ የለም ማለት ይቻላል። ግን ቢያንስ «ፈቃድህን አሳየኝ» የምትልበት ቦታ ተፈጥሯል። የቴሌግራሙን ሰው እሱን ጠይቀውና መልሱን ጻፍልን፣ እንሳቅ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ምን ላይ እንደደረስን ለማወቅ ለምትፈልጉ ልንገራችሁ።

ከናፕፋው ዝርዝርም ከሌላም ቦታ ጥቂት ሰዎች አነጋገርን፣ የመጀመሪያው ንግግር በነፃ ነው። አንዷ ግማሽ ሚሊዮን ከሌላችሁ አልቀበልም አለች፤ ቢያንስ በግልጽ ነው። አንዱ ኤዲቪው ተራ ቁጥር 10 ላይ የኢንሹራንስ ኤጀንሲ ወጣበት። ስጠይቀው «አልፎ አልፎ ብቻ ነው» አለኝ። የመረጥነው ሌላ ስቴት የሚኖር ፈረንጅ ነው፣ ሁሉም በዙም። በቁርጥ 2,200 ዶላር፤ ግማሹ ሲጀመር፣ ግማሹ ዕቅዱ ሲደርስ። በማንኛውም ጊዜ ፊዱሺያሪ መሆኑን በጽሑፍ ስጠኝ ስለው ያንኑ ቀን ፈርሞ ላከ።

የመከረን፦ 403ቢውን ወዲያው እስከ ማቹ፣ ከዚያ በየዓመቱ ጥቂት እየጨመርሽ። ለሁለታችሁም ተርም ላይፍ፣ ልጆቹ ኮሌጅ እስኪጨርሱ። ከ45 ሺው የስድስት ወር ወጪ ወለድ የሚከፍል ሒሳብ ውስጥ፤ ከሱ የተረፈው ሮት አይ አር ኤ ወደሚባለው የግል የጡረታ ሒሳብ። የ2.9ኙን ቤት ዕዳ ቶሎ ለመክፈል አትጣደፉ። ለባለቤቴ የግል ሠራተኛ ስለሆነ ሶሎ 401ኬ ክፈት ብሎታል፤ እስከ ዛሬ እሱ የጡረታ ሒሳብ ሊኖረው እንደሚችል የነገረው አልነበረም።

ያልወደድኩትም አለ። ዕቅዱ ከአርባ ገጽ በላይ ነው፣ ግማሹ ባለቀለም ሥዕል። እቁቡን ሳስረዳው ብድር መሰለው። ለእናቴ የምልከውን «ቀስ በቀስ የሚቀንስ ወጪ» ብሎ ጽፎት ነበር፤ አስጠፋሁት። እናቴ እስካለች የሚቀንስ ወጪ አይደለም፣ እንደውም የመድኃኒቱ ዋጋ እየጨመረ ነው። ሳይከራከር አስተካክሎ፣ የጡረታ ዕድሜዬን ከ63 ወደ 65 አድርጎ መልሶ ላከው። ደስ አላለኝም፣ ሒሳቡ ግን እውነት ነው።

የቤተ ክርስቲያኑን ሰው ባለቤቴ ነው ያነጋገረው። «አማካሪ ቀጥረናል፣ ያለ እሱ አንፈርምም» አለው። ትንሽ አኮረፈ። ከዚያ ተርም ላይፉን ከእሱ ልንገዛ ዋጋ አስመጣን። ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆነ፣ ከእሱ ገዛን።

ፈቃድ ያለኝ፦

ይሄ ነው! እንዲህ አድርጉ እንጂ፣ እኛም እንብላ።

ጋሼ ነኝ፦

ሁለት ሺህ ሁለት መቶው ግን በዛ። ሶሎ ምን ያለውን ግን ለወንድሜ ልጅ ላክሁለት፣ እሱም ኡበር ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ጋሼ፣ ያው የእቁብ አንድ ዙር አይሞላም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ አሁን በዓመት 1,200 ዶላር ክፈሉና ልከታተላችሁ ይላል። እንግባ?

ቁጥር ወዳድ፦

በዚህ ዓመት ምን የሚቀየር ነገር አለ? ሥራ፣ ቤት፣ ልጅ ኮሌጅ? ከሌለ አትግቢ። በሰዓት ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቂው፤ በጥር ወር ታክስ ከመሥራታችሁ በፊት አንድ ሰዓት፣ የባለቤትሽ ሶሎ 401ኬ ሲከፈት አንድ ሰዓት ይበቃችኋል። ውሉ ውስጥ ካርድሽን በራሱ እያስከፈለ የሚያድስ አንቀጽ ካለ ሳትፈርሚ አሰርዢው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

አለ፣ ገጽ 6 ላይ። ዛሬ እጽፍለታለሁ።